ግራዝማችና ሙሽሪት በአንድ ግቢ

እሑድ፣ ኅዳር 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

መተት አልቀበርኩም።

ወሬውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ጠጂቱ ናት፤ ከቁስቋም ቅዳሴ ስንመለስ፣ «ሰው እንዲህ ይላል» ብላ። ጠጂቱ «ሰው» ስትል ብዙውን ጊዜ ራሷን ነው። የሺመቤት ሌሊት ሌሊት እየወጣች ጓሮዋን ትቆፍራለች፤ መተት ትቀብራለች፤ በሰባ ስምንት ዓመቷ ያን ሁሉ ጉድጓድ ብቻዋን ልትቆፍር ስለማትችል የሚያግዛት አለ፤ የሚያግዛትም ሰው አይደለም።

ስሕተቱን ላርም። ጉድጓዶቹን የቆፈርኩት እኔ አይደለሁም። የሚቆፈሩትም ሌሊት አይደለም፤ ጠዋት የጠረግኩትን መሬት ከሰዓት በኋላ ስመለስበት ተቆፍሮ፣ ተመልሶም ተደፍኖ አገኘዋለሁ። ዕድሜዬም ሰባ አንድ ነው።

ማን እንደሚቆፍራቸው ግን አላውቅም። ይህንን ለጠጂቱ አልነገርኳትም።

እስካሁን ያየሁት፦ አንዱ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ አንዱ በጠጂቱ በኩል ካለው አጥር ሥር። ክብ ናቸው፤ የድስት ክዳን ያህላሉ። አፈሩ ረጥቧል፤ ዝናብ ካቆመ ግን ሰንብቷል። ላያቸው ሰው በመዳፉ የደመደመው ይመስል ለስልሷል። ፍልፈል አፈር ይቆልላል እንጂ መልሶ አይደፍንም። ጃርት ደግሞ ይበታትናል።

በልጅነቴ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተማሩን ሴት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያየነውንና የገመትነውን በአንድ መስመር ላይ ከጻፍን ገጹን ይቀድዱት ነበር። ስለዚህ የገመትኩትን ለብቻው አድርጌ እጽፋለሁ።

የገመትኩት፦ ምንም።

እናኑ ዛሬ ምሳዋን አልበላችም። ወሬው እሷም ጆሮ ደርሷል ማለት ነው።


ሰኞ፣ ኅዳር 7

እናኑ ተከራዬ ናት፤ ከደብረ ታቦር የመጣች አስተማሪ። ባሏ ቻግኒ ነው የሚሠራው፤ አልፎ አልፎ ይመጣል። ተከራይ የምለው ለወጉ ነው እንጂ እራታችንን የምንበላው በአንድ ገበታ ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የፊተኛውን ልጇን ያጣችው በሰባተኛው ወር ነው፣ ቡሬ ሳለች። ቤቱ ነው የገደለብኝ ትላለች፤ ከደጃፉ ሥር የተቀበረ ነገር ተገኘ ብለዋት ነበር። ስለዚህ የጠጂቱ ወሬ ለኔ ወሬ ነው፤ ለእናኑ ግን ወሬ አይደለም። ከዚህ ቤት ከሸሸች የት ሆና እንደምትወልድ አላውቅም። እኔም ከማን ጋር እራት እንደምበላ አላውቅም።

ስለ ኤሊዎቹ ደግሞ በቅጡ ልጻፍ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሳስተላልፈው ቆየሁ።

ባለቤቴ ሞላ፣ ነፍሱን ይማረው፣ በነቀምቴው መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ከዓባይ በረሃ ሁለት ኤሊዎች ይዞ መጣ። ትልቁን እኛ አስቀረን፤ ትንሿን ቡሬ ላለችው እኅቱ ለዘውዲቱ ሰጣት። ትልቁ አረማመዱ ላይ ኩራት ስላለበት ግራዝማች አልነው። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚያውቀው። ጠጂቱ ደጃፍ ላይ ስታገኘው «ግራዝማች ይለፉ» ብላ ከመቀመጫዋ ትነሣለታለች።

በጥቅምት ዘውዲቱን ልጇ ባሕር ዳር ወሰዳት፤ እሷም ትንሿን ኤሊ በሚኒባስ ላከችልኝ፤ በዘንቢል፣ ጎመን ላይ ተቀምጣ። ስሟ ሙሽሪት ነው። አብሮ የመጣው ቃል እንዲህ ይላል፦ ሞላ ባልና ሚስት ናቸው፣ አንድ ቀን አገናኛቸዋለሁ ይል ነበር፤ እሱ ሳይሆንለት ቀረ፤ አንቺ አገናኛቸውና ዳግመኛ እንዳትለያዪአቸው፣ አደራ። ሞላ ይህን ለኔ ብሎኝ አያውቅም። አደራ ከተባለ ግን አደራ ነው።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ በድንጋይ ከልዬ፣ ቆርቆሮ ጥላ አድርጌ፣ አንድ ላይ አስገባኋቸው። ጎመን፣ የዱባ ልጣጭ፣ ሣር፣ በጣባ ውሃ። ቀን ቀን ግቢው ውስጥ እለቃቸዋለሁ።

ያየሁት፦ ሙሽሪት ከመጣች ወዲህ ግራዝማች ምግብ ቀንሷል፤ አሁንማ ጭራሹን አይቀምስም። በሄደበት ትከተለዋለች። ትናንት የፊት እግሩን ነከሰችው። ለጠጂቱ ብነግራት፣ «የቡሬ ሚስት ናታ» አለች።

የገመትኩት፦ መለማመድ ይፈልጋሉ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ቀትር ላይ ዕቃ ቤቱ ተንኳኳ።

ምሳ ላይ ነበርን፤ እናኑ ከትምህርት ቤት ገብታ እጇን መታጠቧ ነበር። ኳ አለ። ዝም አለ። ከዚያ ደጋግሞ ኳ፣ ኳ። «ከውስጥ ነው» አለች። ከውስጥ ሊሆን አይችልም አልኩ፤ ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው።

ዕቃ ቤቱ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሞላ በሽታው ሲጠናበት፣ የሰው መብዛት ሲያስጨንቀው፣ አልጋውን እዚያ አስገብተን ነበር፤ ያረፈውም እዚያው ነው። አሁን በርበሬ ነው የማስቀምጥበት። አልጋው ግን አልወጣም።

ከፈትኩት። ማንም የለም። ወለሉ ላይ ያለው አቧራ አልተረገጠም። የበርበሬው ሽታ አስነጠሰኝ፤ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ሳለሁ ዳግመኛ ተንኳኳ፤ በአልጋው ራስጌ በኩል፣ ሰው ግድግዳውን ደገፍ ብሎ በጣቱ አጥንት እንደሚመታ። ዞሬ ወደ ጀርባው ሄድኩ። መፍጠን ባልችልም ፈጥኛለሁ። ከጀርባው ግራዝማች ቆርቆሮው ሥር ተለጥፎ፣ አንገቱን እስከ መጨረሻው ቀብሮ ተቀምጧል። ሙሽሪት ራቅ ብላ ሣር ታኝካለች። ሌላ ነገር የለም።

እናኑ ዕቃ ቤቱ ጋ አልቀረበችም። ስመለስ፣ «እማማ፣ አባባ ሞላ ያረፉት በስንት ሰዓት ነበር?» አለችኝ።

በቀትር፣ አልኳት። ባልመልስላት ይሻል ነበር። ግን እውነቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠጂቱ መጥታ ከእናኑ ጋር ብቻ ተነጋግራ ሄደች። በኋላ ከእናኑ አወጣጣሁት። በደንበጫ መንገድ ደብተራ ነኝ የሚል ሰውዬ አለ፤ ጠጂቱ ጠይቃዋለች። «በዚያ ግቢ ምድር ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ተቀብሯል» ብሏታል። ጥያቄውን እሷ ስትጠይቅ መልሱንም አብራ ነግራው እንደሚሆን ለእናኑ አስረዳኋት። አንገቷን ነቀነቀች። የምትነቀንቀው ለአክብሮት ነው።

ማታ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «ዛሬ ብዙ አልተንቀሳቀሰም» አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ዛሬ አጭር ነው።

ልጆች ሳለን እናቴ፣ ቀትር ላይ ስማችሁን የጠራችሁን ሳታዩ አቤት እንዳትሉ ትለን ነበር። በቀትር የሚጠራው ሁሉ ሰው አይደለም፤ መልስ ያገኘበት ቤት ይገባል። ትምህርት ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ከጭንቅላታችን ጠርገው አወጡልን።

ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በርበሬ ስለቅም ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሰው አቃሰተ። ሰው ማለቴ ትክክል አይደለም፤ ሞላ አቃሰተ። በመጨረሻው ወራት እንዲህ ነበር የሚያቃስተው፦ ከደረቱ ሥር የሚነሣ፣ የሻከረ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚቆረጥ። ዝም አለ። እንደገና አቃሰተ። ከዚያ፣ «የሺ»።

«አቤት» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ተነሥቼ ቆሜአለሁ፤ በርበሬው ከጭኔ ላይ ተበትኗል። ቀና ስል እናኑ የግቢው በር ላይ ቆማለች፤ የተማሪዎቿን ደብተር አቅፋ። እኔን አየች፤ እኔ ወደማይበትም አየች። ማቃሰቱን እሷም ሰምታለች፤ ደብተሮቹን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ሆዷን ደግፋ ነበርና። ገብታ በሯን ከውስጥ ቀረቀረች።

ያየሁት፦ ምንም።

የሰማሁት የየትኛው መስመር እንደሆነ ነገ አስባለሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 10

እናኑ ሄደች።

ሩቅ አይደለም፤ ጠጂቱ ቤት ነው። ፍራሹን ጠጂቱ ራሷ ተሸክማ ወሰደችላት። «ለጥቂት ቀን ነው እማማ፤ እስክወልድ» አለችኝ፣ ዐይኔን ሳታይ። እስክትወልድ ጥቂት ቀን አይደለም። አላረምኳትም። ጠጂቱ ከበሩ ተመልሳ፣ «አንቺም ነዪ እንጂ እቴ፤ ኸዚህ ብቻሽን ከማን ጋር ልታወሪ?» አለችኝ። ከማን ጋር የሚለውን ሳታስበው ነው የተናገረችው። ተናግራው ስታበቃ ግን አሰበችው፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

በርጩማና ጃንጥላ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ሰው ሲፈራ ጀርባውን ይሰጣል፤ እኔ ፊቴን ሰጥቼ ልቀመጥ ብዬ። ለምሳ አልተነሣሁም።

ያየሁት፦

ሙሽሪት ግራዝማችን ቆርቆሮው ድረስ ገፋችው። ከዚያ ወደ ኋላ ትላለች፣ ተወርውራ በደረቷ ትመታዋለች። የሱ የጀርባ ድንጋይ ቆርቆሮውን ይመታል። ኳ። ትንሽ ታርፋለች። ኳ፣ ኳ። ሰው ሲቃረብ ትተወዋለች፤ ሣር መጋጥ ትጀምራለች። የማክሰኞው እንግዳ ይኸው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ግራዝማች አምልጧት እየተጎተተ መጥቶ ከእናኑ መስኮት በታች ቆመ። እዚያ እስከ ዛሬ ጉድጓድ አልነበረም። ፊቱን ወደ እኔ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ የኋላ እግሮቹ መቆፈር ጀመሩ፤ አንዱ ይዝቃል፣ አንዱ ይጠብቃል፣ ተራ እየገቡ፣ ልክ እንደ ሰው እጅ። አፈሩ ላይ ውሃ ለቀቀ። ፊቱ ግን የሚሠራውን የሚያውቅ አይመስልም፤ እኔን ነበር የሚያየው፤ ዐይኑ አይርገበገብም። ሲጨርስ መልሶ ደፈነው፤ ሆዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ደመደመው። አንዴም ዞሮ ሳያየው ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ሰው አላቃሰተም።

የገመትኩት፦ ግራዝማች ከሙሽሪት የሚደበቅበት ጉድጓድ እየሞከረ ነው።

የሆነው ሆኖ ቆፋሪው ተገኝቷል። ነገ ሴቶቹን ጠርቼ በዐይናቸው ፊት ከፍቼ አሳያቸዋለሁ፤ ባዶ አፈር ያያሉ፤ እናኑ ፍራሿን ይዛ ትመለሳለች።


ዓርብ፣ ኅዳር 11

ባላደረግኩት ኖሮ።

ጠጂቱ፣ እናኑና ከማኅበራችን ሁለት ሴቶች መጡ። ክፍል ውስጥ እንደቆመ አስተማሪ አስረዳኋቸው፤ መሬቱን የሚቆፍረው ግራዝማች ነው፣ እኔ ትናንት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ አሁን እናንተም ታያላችሁ። በጠጂቱ አጥር ሥር ያለውን መረጥኩ፤ ለሷ ቅርብ ስለሆነ። ተንበርክኬ በማንኪያ አፈሩን ገለጥኩት።

ነጭ ነገር አለ። ልጆች ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱበትን ትንሽ ኳስ ይመስላል። ከሥሩ ሌላ። ከሱም ሥር ሌላ።

እንቁላል ነው።

ሴቶቹ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ጠጂቱ፣ ቀስ ብላ፦

«ማን ነው የቆፈረው ያልሽው?»

«ግራዝማች።»

«ግራዝማች ወንድ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አልኩ። በገዛ አፌ። ሰፈሩ ሁሉ ለዘመናት የሚያውቀውን ዛሬ ልክደው ነው?

ሴቶቹ አማተቡ። ጠጂቱ፣ «እንግዲህ የሺ፣ ኸቤትሽ ወንድ እንቁላል ጥሏል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ይልቅ አዝናልኛለች፤ ሐኪም ክፉ ነገር ሲናገር እንደሚያዝነው። እናኑ ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች የጠጂቱን ትከሻ ይዛ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ወሬው ቤተ ክርስቲያን በር ደርሶ እኔው ዘንድ ተመልሷል፦ በየሺመቤት ጓሮ ወንዱ ወልዷል፣ የዘንድሮ ጤፍ በደኅና አይወቃም። ነገ ሚካኤል ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ጥራጊውን አቃጥሎ ሰፈሩን ሲያጥን፣ የኔንም ጓሮ መጥተው ሊያጥኑልኝ ተስማምተዋል።

እውነቱን ልጻፍ። እንቁላሎቹን መልሼ ስደፍን ፊቴን አዙሬ ነበር። ማቃሰቱን፣ አቤት ማለቴን፣ ይህን፣ አንድ ላይ አሰብኩት።

ከዚያ ቁጭ አልኩና የአዳሪ ትምህርት ቤቷን ሴት መስመር አሰመርኩ። ግራዝማች ወንድ ለመሆኑ ያየሁት፦ ምንም። የገመትኩት፦ ሁሉንም። ትልቅ ስለሆነ ነው። እዚህ አገር በሬ ከላም ይገዝፋል፣ በግ ከእናቲቱ፣ አውራ ዶሮ ከሴቷ። የትኛው ባል ነው የተባለ ሰው ሁሉ ትልቁን ይጠቁማል። ሞላም የጠቆመው እንደዚያ ነበር። ገልብጦ ያየ ማንም የለም።

ሙሽሪትን ገለበጥኳት። ሆዷ እንደ ጭልፋ ጎድጉዷል። ጅራቷ ረጅም፣ ወፍራም፣ ወደ ጎን የታጠፈ። ጎድጓዳ ሆድ ማንን ይጠቅማል? ክብ ጀርባ ላይ መውጣት ያለበትን ነው። ይህንን ስጽፍ ፊቴ ቀላ።

ለማመሳከር ግራዝማችን ፈለግኩ። በከለልኩበት የለም። በአጥሩ ሥር የለም። መሸ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ይቅር ይበለኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ፍኖተ ሰላም በሙሉ ጢስ ነበር። በየደጃፉ ይነዳል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አይታይም፤ ሰው ከጢሱ ውስጥ ድንገት ይወጣል፣ ድንገት ይጠፋል። እኔ ግራዝማችን ስፈልግ ነበር። የከለልኩበት ድንጋይ ከአንድ በኩል ተንዷል፤ ከዚያ ወዲያ ፈለጉ ጠፍቶብኛል።

ሴቶቹ ሲመጡ ጭራሮ አቀጣጥለው ይዘዋል። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ከክረምት ጀምሮ የጠረግኩት የባሕር ዛፍ ቅጠልና የበቆሎ አገዳ ተቆልሏል። ጠጂቱ ወደዚያ ሄደች። ቆይ፣ ኤሊው ጠፍቶብኛል አልኳት። «ይጥፋ፤ ደግ አደረገ» አለችና እሳቱን ከጥጉ ለኮሰችው። እናኑ እንዳትቀርብ ተብላ አጥሩ ጋ ቆማለች፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ።

ያኔ ነው ሙሽሪት ከጢሱ ውስጥ የወጣችው። ወጣ፣ ማለት ይገባኛል። ቀጥ ብሎ ወደ ቁልሉ ሄደ። እሳቱ ካልደረሰበት በኩል ቆመ፣ አንገቱን አወጣ፣ አፉን ከፈተ፣ አቃሰተ።

ሁሉም ሰሙ። ጠጂቱ ሞላን ሳስታምም አብራኝ ያመሸች ሴት ናት፤ ድምፁን ታውቀዋለች። ጭራሮው ከእጇ ወደቀ፤ የወደቀውም ደረቁ አገዳ ላይ ነው። እኔ ግን አፉ ሲከፈት አይቼ ነበር። ከአፉ ሲወጣ አየሁት። ይህ ያየሁት መስመር ላይ የሚጻፍ ነው። ሌላም ነገር ገባኝ፦ ይህ ፍጥረት የሚከተለው ግራዝማችን ብቻ ነው። ግራዝማች ሸሽቶት ቅጠሉ ውስጥ ተቀብሯል፤ እኛ ላዩ ላይ እሳት ለኩሰናል።

እጄን አስገባሁ። ቅጠሉ ከላይ ይነዳል፣ ከሥር ገና ቀዝቃዛ ነው። ድንጋይ መሰለኝ፤ ተንቀሳቀሰ። ከብዶ እንቢ አለኝ። ስሟን ጠራሁ፣ የእናኑን። ለምን እሷን እንደሆነ አላውቅም፤ ሌሎቹ ቅርብ ነበሩ። እናኑ የውሃ ጀሪካን ይዛ መጣች። ጠጂቱ «አንቺ ተይ፣ ልጄ፣ ተይ» ትላለች። ጀሪካኑን እጄና እሳቱ ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ እኔ በአንድ በኩል እሷ በሌላው፣ ጎትተን አወጣነው።

ረጥቦ የጠቆረው አመድ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ገለበጥናቸው። የግራዝማች ሆድ እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው፤ ጅራቱ፣ ጅራት ከሚባል ጉጥ ቢባል ይሻላል። የሙሽሪት እንደጻፍኩት። የትኛው የምን እንደሆነ በሆዳቸው፣ በጅራታቸው አሳየኋቸው፤ የዕቃ ቤቱን ኳኳታ፣ ጉድጓዱን፣ እንቁላሉን፣ ማቃሰቱን። እጄ ማቃጠል የጀመረው ስጨርስ ነው።

ጠጂቱ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እና ይኸን ሁሉ ዘመን ግራዝማች ይለፉ እያልኩ የምነሣላት ሴት ናት?»

መጀመሪያ የሳቀችው እናኑ ናት። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ነው የሳቀችው።


እሑድ፣ ኅዳር 13

ክሊኒክ እጄን ጠቀለሉልኝ። ክፉ አይደለም ብለዋል።

ግራዝማች ዛሬ በላች። የዱባ ቅጠል፣ ከዚያ ጎመን፣ ከዚያ እንደገና ጎመን። የጀርባዋ ድንጋይ ጠርዝ በአንድ በኩል ጠቁሯል። የፊት እግሮቿ ላይ ያየሁት የንክሻ ቁስል አንድ አይደለም። አንድ ብቻ ነው ብዬ የጻፍኩት ሳላገላብጥ ስለጻፍኩ ነው። ሙሽሪትን ትልቅ ቅርጫት ደፍቼበት ድንጋይ ጭኜበታለሁ፤ እዚያው ውስጥ ይዞራል፣ ይዞራል። ልክ ያጣ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ግን አብረው አይኖሩም። ወንዱ አያርፍም፤ እሷም እሱ በማያያት ቦታ ካልሆነ አትበላም። የሽቦ አጥር አይበቃም፤ ካያት ሽቦውን ሲደበድብ ይውላል። ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የድንጋይ ግንብ ያስፈልጋል። እሱ በደጅ በኩል፣ እሷ በጓሮ በኩል።

አደራውስ? ብዙ አሰብኩበት። ሞላ አገናኛቸዋለሁ ያለው ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። ቁስሏን ቢያይ ግንቡን የሚሠራው እሱ ራሱ ነበር። ለዘውዲቱ እንዲህ ብዬ እጽፍላታለሁ። ትቆጣለች።

ማቃሰቱ ተፈትቷል። ኤሊ ያቃስታል። ግን «የሺ» አይልም። ይህን የት መስመር ላይ እንደምጽፈው አላወቅሁም፤ ስለዚህ ለሱ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ።


ከሰዓት በኋላ እናኑ መጣች። ትራሷን ወሰደች፤ ለልጁ የሰፋቻቸውን ልብሶች ግን ከሣጥኑ አላወጣችም። «ግንቡ ሲያልቅ እመጣለሁ፣ እማማ» አለች። ልጁ ትናንት ማታ ሲራገጥ እንዳደረም ነገረችኝ፤ ጠጂቱ እሳቱን አይቶ ነው ብላለች። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች።

«ሌላ የተቀበረ የለም አይደል?»

እጄን አመመኝ አልኳት። አመመኝም ነበር። መልስ ግን አይደለም።

ስትሄድ ከመስኮቷ በታች ሄጄ በጤነኛው እጄ ከዳር ጥቂት አፈር ገለጥኩ። ጣቴ ሥር አንድ ክብ ነገር ነበር፤ በፀሐይ ሞቋል። መለስኩት። አጥሩ ሥር ያሉት አሉ፤ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ምን እንዳለ ገና አላየሁም። የደንበጫ መንገዱ ደብተራ በቃሉ ደረጃ አልዋሸም፦ በግቢዬ ምድር ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አለ። እስከ መጪው ክረምት እዚያው የሚቆዩ ይመስለኛል፤ ይህ ግምት ነው። ያኔ የእናኑ ልጅ መቀመጥ ይችል ይሆናል። እሷ በምትተኛበት ግድግዳ ሥር፣ ከራስጌዋ በታች፣ ቀስ ብለው ይበስላሉ። ምን እንደሆኑ የማውቀው እኔ እንኳ ዛሬ ያን መሬት ዞሬው ነው የሄድኩት።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ጠጂቱ ከቤት ሳትወጣ እዚያ መሄድ። እሷም ትስማ።

ለእናኑ ከመስኮቷ ሥር ያለውን መንገር። ሳላሳጥር፣ ያየሁትን ብቻ።

ልታየው ከፈለገች ይዣት መምጣት፣ በእጇ እንድትነካው። ካልፈለገች አለመለመን፤ የልጁን ልብሶች አጥፌ እኔው ወስጄ መስጠት።

ግንበኛውን መጥራት ከዚያ በኋላ ነው።